«ይህ እኛን አይመለከትም»

ጎጃም ለአንዲት ስንዝር ወሰን ወንድም ከወንድሙ የሚካሰስበት አገር ነው። ምሁሮቻችን ግን፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ መሬታቸውን ለጎረቤት ሲያስረክቡ እንጂ የሰው ድንበር ሲገፉ አይታዩም።

ይህን ደግነት ያየሁት የእህቴ ልጅ የማስተርስ ጥናቱን ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በጽሑፍ በሚተርኩት በኮሚክ መጻሕፍት ላይ ልሥራ ያለ ጊዜ ነው። (የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር።) ሥነ ጽሑፎች «ሥዕል ይበዛዋል» ብለው ወደ ሥነ ጥበብ ሰደዱት። ሥነ ጥበቦች «ፊደል ይበዛዋል» ብለው መለሱት። ታሪክ ክፍል «ሰነድ አይደለም»፤ ሥነ ልቡና «የሕፃናት ነገር እኛን አይመለከትም»። ጸሐፊዋ ብቻ «ኮሚክ» ሲል ሰምታ ከልቧ ሳቀች፦ «ቀልድም በማስተርስ ይጠና ጀመር?»

የፈረንጆቹስ ስድነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ሴኔት «ኮሚክ ልጆቻችንን ወንጀለኛ ያደርጋል ወይ?» ብሎ ምስክር ሲሰማ ደህና ጨዋዎች ነበሩ። አልዘለቁበትም። አርት ስፒግልማን የሚባል ሠዓሊ ከናዚዎቹ የሞት ካምፕ ከአውሽቪትስ የተረፈውን የአባቱን ታሪክ፣ አይሁዱን አይጥ ናዚውን ድመት አድርጎ ቢሥል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ሰጡት። ይኸው ዛሬ የቋንቋውም የታሪኩም ምሁር አንድ መጽሐፍ ላይ ይጋፋል። ሐኪም እንኳ ሕመምን በሥዕል የሚተርክ ኮሚክ ለተማሪዎቹ ያስነብባል። ሐፍረት የላቸውም።

ልጁ ሲከፋው ጊዜ በጀልባ ይዤው ዘጌ ተሻገርኩ፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። መቅደሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ አለ፦ 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ ከዚያ ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ከዚያ ነፍሱ በሚዛን። በአንዱና በሌላው ሥዕል መካከል የሆነው አልተሣለም፤ ተመልካቹ ይሞላዋል። ስኮት ማክላውድ የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ የኮሚክ ምሥጢሩ ያለው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው ይላል። ያልተባለውን ወርቅ ሲፈልግ ለኖረ የጎጃም ቅኔ ተማሪ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው?

አጠገባችን ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ከሥዕል ወደ ሥዕል እያለፉ ያነቡታል፤ ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ እንባቸው መጣ። ያለ ዲፓርትመንት!

«አባ፣ ይህ ግድግዳ የማን ክፍል ነው?» አለ ልጁ አንዱን መነኩሴ።

«የኪዳነ ምሕረት ነዋ!»

ማመልከቻውን አውጥቶ «የትምህርት ክፍል» ከሚለው ፊት ለፊት ሊሞላው ሲል እጁን ያዝኩት። ወደ ሥነ መለኮት ይልኩታላ።