በካርቡራተሬ ውስጥ ለከረሙት ለክቡር ጉድፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ተመልሰው እንዳይገቡ ስለማሳሰብ

ክቡር ጉድፍ ሆይ፤

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ ባለፉት 3 ሳምንታት ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው የአሮጌዋ የመስክ ሞተር ሳይክሌ ካርቡራተር ውስጥ፣ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ የነሐስ ቀዳዳ ላይ ተደላድለው መክረምዎን ዘግይቼም ቢሆን ማወቄን እገልጻለሁ። የዘገየሁት ስለናቅሁዎ አይደለም፤ አጥፊውን የፈለግሁት በጥፋቱ ልክ ስለነበረ ነው። አንድ ጎልማሳ፣ ከ100 ኪሎ በላይ የምትመዝን ሞተርና ከኋላ የታሰረ የክትባት ሳጥን፣ ይህን ሁሉ በአንድነት መንገድ ላይ ገትሮ የሚያቆም አካል ቢያንስ የቦሎቄ ፍሬ ያህላል ብዬ ገምቼ ነበር።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከከተማ ወጥቶ በዋሂልና በጀልዴሳ አቅጣጫ ፍየልና ግመል መከተብ ሲሆን፣ የእርስዎ ሥራ ደግሞ እኔ ከከተማ እንዳልወጣ ማድረግ ነበር። ሞተሯ ጠዋት ቾክ ስስብላት ሳታንገራግር ትነሳለች፤ ጋዝ እስከሰጠኋት ድረስም ደህና ትሄዳለች። ከዚራ ደርሼ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር መንገድ ለሚያቋርጡ ተማሪዎች ስል ጋዝ በለቀቅሁ ቅጽበት ግን እፍ እንደተባለ ሻማ ድርግም ትላለች። ከኋላዬ የተደረደሩት የባጃጅ ሾፌሮች በክላክስ የሰጡኝን አስተያየት እዚህ መዘርዘር ለደብዳቤው ክብር አይመጥንም። ፔዳሊናውን ደጋግሜ ከመርገጤ የተነሳ የቀኝ እግሬ ከግራው ጋር እኩል መሆኑን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።

በእርስዎ ፈንታ የተቀጡትን ንጹሐን ላስታውስዎ። የመጀመሪያው፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው። ሞተሯን እየገፋሁ ጋራዥ የደረስሁት ከምሳ በኋላ፣ ማለትም ከተማው ለበርጫ በተቀመጠበት ሰዓት ስለነበረ፣ መካኒኩ ከተጋደመበት ሳይነሳ፣ ድምፅዋንም ሳይሰማ፣ «አቦ፣ ካንዴላው ነው፤ ቀይረው!» ሲል ፈረደ። ቀየርሁ። በማግስቱ ሌላኛው መካኒክ አዲሱን አገላብጦ አይቶ፣ «ማነው ይህን የሸጠልህ? ፎርጅድ ነው» በማለት ሌላ አስገዛኝ። እነሆ ዛሬ አንዳች ጥፋት የሌለባቸው 2 ካንዴላዎች በኪሴ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይንኳኳሉ።

ቀጥሎ የተከሰሰው ሙቀት ነው። ጎረቤቴ፣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ እንፋሎት ስለሚሆን ነው ብለው እርጥብ ጨርቅ በቱቦው ላይ እንድጠመጥም መከሩኝ። ክሱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፤ የነዳጅ ቱቦ የጋለ ሞተር ተጠግቶ ካለፈ በእኛ አገር ግንቦት እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ሞተሯ ከቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓትም፣ ገና እጄን በማያሞቅ ብረት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ትጠፋ ስለነበረ፣ ሙቀትን በነፃ ለማሰናበት ተገደድሁ። ጨርቁ ግን አሁንም እዚያው አለ።

ሦስተኛው ተከሳሽ ደንገጎ ነው። ለሥራ ወደ ሐረር ስወጣ በዳገቱ ጠመዝማዛ ላይ፣ ከጫነ ከባድ መኪና ኋላ ጋዝ ለቅቄ ማርሽ ስቀንስ ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ። የሐረር ወዳጄ ይህን ሲሰማ፣ «የእናንተ ሞተር ቆላ የለመደች ናት፤ አየሩ አልተስማማትም» አለኝ። ይህም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ እዚህ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ይሳሳበትና ቤንዚኑ ይበዛበታል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ግን ካንዴላውን እንደ ምጣድ ሥር ያጠቁረዋል፤ የእኔ ካንዴላ ሲወጣ የታየው ነጭ ሆኖ ነው፤ ይህም ቤንዚን አነሰኝ ማለት ነው። ቾክ ስስብላትም ከመጥፋት ትድናለች፤ ቾክ አየር ቀንሶ የቤንዚኑን ድርሻ ስለሚያበዛ፣ ይህም ያንኑ መሰከረ። ካንዴላው ለ2 ሳምንታት እውነቱን ሲናገር የሰማው አልነበረም። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው መጠየቅ ትቼ፣ በዕረፍት ቀኔ ግቢዬ ውስጥ ካቻቢቴ ይዤ ተቀመጥሁና ቤንዚን የሚሄድበትን መንገድ ከላይ ወደ ታች ተከተልሁ። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ጠረጠርሁ። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ በጭቃ ከተደፈነች፣ ታንከሩ አየር አጥቶ ቤንዚን መልቀቅ ያቆማል፤ ክዳኑ ሲከፈትም «ጭስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የእኔ ድምፅ አላሰማም፤ ደግሞም እንዲህ ያለው ሕመም ጥቂት ተኪዶ የሚመጣ እንጂ ጋዝ በተለቀቀ ቁጥር የሚከሰት አይደለም። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅዬ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ብለቅቀው ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ ወረደ። እስከዚህ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው።

ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈትቼ በብርጭቆ ስቀበል ግን የአድራሻዎ ሽታ መጣ። ከቤንዚኑ በታች ጥቂት ጠብታ ውኃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ፣ ከእሱም ሥር የዝገትና የአሸዋ ደቃቅ ተኝቶ ነበር። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ዘወትር ከታች ይተኛል፤ ቤንዚን የሚያሳልፉት ባለ ቀዳዳ ነሐሶች፣ ጄቶቹም፣ የሚጠጡት ከታች ነው። እርስዎን ማን እንዳስገባዎ እዚህ ላይ በፈቃዴ እናዘዛለሁ። ማደያው ሰልፍ ሲረዝምብኝ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የምገዛው፣ ክዳኑ ላይ ያለውን አቧራ ሳልጠርግ የምገለብጠው፣ ታንከሩ ሊያልቅ ሲል ሪዘርቭ ላይ አዙሬ ለሳምንት የምነዳው እኔው ነኝ። ሪዘርቭ ደግሞ የሚቀዳው ከታንከሩ ወለል፣ ዝቃጩ ከተኛበት ነው። ጋባዥ ሳለሁ እንግዳ መጣብኝ ብዬ 3 ሳምንት መጮኼን ይቅር ይበሉኝ።

ካርቡራተሩን አውርጄ፣ ሚኒሞ ላይ (ሞተሯ ጋዝ ሳይሰጣት ስትሠራ) ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ጄት ፈታሁና ወደ ፀሐይ አቀናሁ። የድሬዳዋ ፀሐይ በግንቦት በቆርቆሮ ውስጥ እንኳ የሚያልፍ ይመስላል፤ በእርስዎ በኩል ግን አላለፈም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ፤ ጨለማ ነው። ዋናውን ጄት ባየው ግን ብርሃኑ ፍንትው ብሎ ያልፋል፤ ጋዝ ሰጥቼ በፍጥነት ስሄድ የሚያበላኝ እሱ ስለሆነ፣ በሩጫ ደህና ሆና ስትቆም የምትሞተው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባለቤቴ ያን ሁሉ ስቃይ አይታ የልብስ መስፊያ መርፌ አቀበለችኝ። ልጠቀምበት እጄን ዘርግቼም ነበር። ነገር ግን ነሐስ ለስላሳ ነውና መርፌው ቀዳዳዋን ካሰፋት፣ እርስዎ ቢወጡም ጉዳትዎ እስከ መጨረሻው ይኖራል። ስለዚህ ሌሊቱን በንጹሕ ቤንዚን ዘፈዝፌ፣ ጠዋት በክብሪት ቀፎ አድርጌ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድሁዎ። ሰውዬው የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ ያደረ ነው። ቀፎውን ከፍቶ፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጠውን ነሐስ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያም እኔን አየኝ። «ይህችን ነው የምነፋልህ?» አለኝ። ቤንዚኑ ከሚገባበት በኩል ሳይሆን ከሚወጣበት በኩል ይንፋልኝ አልሁት፤ በመጡበት እንዲመለሱ ማለቴ ነው። አንዴ «ጢስ» አደረገባት። ብርሃን አለፈ። ክፍያም አልተቀበለኝም፤ ምናልባት በምን ሂሳብ እንደሚጠይቀኝ ጨንቆት ይሆናል።

ከዚያች ዕለት ወዲህ ሞተሯ በሚኒሞ ቱክ ቱክ እያለች ከዚራ ላይ ቆማ ተማሪዎችን ታሳልፋለች። እርስዎን በተመለከተ ግን፣ በታንከሩና በካርቡራተሩ መካከል ቀስቱን በትክክለኛው አቅጣጫ አድርጌ አዲስ ፊልትሮ ማስገባቴን፣ የሃይላንድ ቤንዚን ካስገደደኝም በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልዬ ብቻ እንደምሞላ፣ ለቀናት ሳቆማትም የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቼ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እስክትጨርስ እንደማስነሳት ይወቁልኝ። የቆመ ቤንዚን በዚህ ሙቀት ቀላሉ ተንኖ የሚተወው ሙጫ ወንድምዎ መሆኑንም ደርሼበታለሁ።

የት እንደሄዱ በእርግጠኝነት አላውቅም። ጎሚስታው ሲነፋ ግን ከፊት ለፊት ቆሜ ስለነበረ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የግራ ዓይኔ ይቆረቁረኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
የሞተሯ ባለቤትና የቀድሞ ገፊ

ግልባጭ፦
ለ2ቱ ካንዴላዎች፣ ኪሴ ውስጥ
ለጎረቤቴ፣ ጨርቁን ከምስጋና ጋር ስለመመለስ
ለዋሂል ፍየሎች፣ ቅዳሜ መርፌ ይዤ ስለምመጣ እንዲያውቁት