የት ነሽ?

ደሴ ለመለያየት የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። ወዲህ ጦሳ፣ ወዲያ አዝዋ ገደል ጨምቀዋት ሰዉን ሁሉ አንድ ዋና መንገድ ላይ ታንቆረቁረዋለች። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይጣላል፣ ሰፈር ይቀይራል፣ አበቃ። እዚህ ግን ከፒያሳ ሸሽተሽው ቧንቧ ውሃ ስትደርሺ ቆሞ ባጃጅ ሲጠብቅ ታገኚዋለሽ። የከተማዋ ስም «ደስታዬ» ማለት ነው ይባላል፤ ያወጡላትም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከቀድሞ ወዳጃቸው ጋር አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጣብበው ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም።

እኔ ተጣብቤ አውቃለሁ። ሒሳቤንም እሱ ከፈለልኝ፤ ይኼም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

3 ዓመት አብረን ቆየን። ግማሹን የፈጀሁት «የት ነሽ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ስሰጥ ነው። ቃል አይበቃውም፤ ፎቶ ይፈልጋል። ቤት ነኝ ካልኩ ጀበናችንን አንስቼ እልካለሁ። አንድ ቀን «ይኼ ጀበና ትናንት ጡቱ ወደ በሩ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ሳያንስ ለጓደኞቼ «እንዴት እንደሚያስብልኝ አያችሁ?» ብዬ አወራሁ። ሌሊት እየቀሰቀሰች የምታንገበግበኝ ይቺ ናት። እሱ ያደረገው የእሱ ነው፤ ጀበናውን ወደ በሩ መልሳ አዙራ እንደገና ፎቶ ያነሳችው ግን እኔ ነኝ።

ልርሳ ብልስ አገሩ መቼ ያስረሳል! ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የቀዬአችን ስም ናቸው፤ በትዝታም ከሚመጣብን ጋር እንሟገታለን። ሌላው አገር እህል ይጭናል፣ እኛ ናፍቆት። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ትዝታ፣ ምሳ ቤት ትዝታ፣ ጫማ ሳስጠርግ እንኳ ልጁ በአፉ ያንጎራጉረዋል። ትዝታ ደግሞ የሚያዳላ ምስክር ነው። ሐይቅ ሄደን ዓሣ የበላንበትን ቀን ያመጣልኛል፤ ውሃውን፣ ነፋሱን፣ ከማዶ የእስጢፋኖስን ገዳም ዛፎች። አስተናጋጁን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ስላመሰገንኩት እሱ ዓሣውን ጥሎ መነሳቱን፣ እኔም እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቅርታ እየለመንኩ መምጣቴን ግን ክራሩ ይዘለዋል።

ስለዚህ ስልኬ ላይ መዝገብ ከፈትኩ። ክራር በተነሳ ቁጥር አውጥቼ አነባለሁ። ተራ ቁጥር 1፦ ዓሣው። ተራ ቁጥር 2፦ ጀበናው። 14ኛው ላይ ስደርስ ዘፈኑ ያልቃል፤ እኔም መውረጃዬን አልፌ እገኛለሁ።

ከትዝታ የሚብሰው የጎረቤት ቡና ነው። አቦል ላይ አንደኛዋ እናት «እኔማ ድሮም ዓይኑ አላማረኝም» አሉ። አምና «ካልቀናማ ምኑን ወደደሽ፤ ቻዪው ልጄ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ቶና ላይ ሌላዋ ተቀበሏቸው፤ «እኔ እንኳ ስኒ አያያዙን አይቼ ነው ያወቅሁት።» በስኒ አያያዝ የታወቀ ጉዳይ 3 ዓመት ሙሉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ! ጸጸቴን ሊካፈሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ለካ መጠርጠሩን ነው የሚካፈሉት፤ «ቻዪው»ን የኔ ነው የሚል ጠፋ።

ጥጉ ላይ መቁጠሪያቸውን የያዙት አሮጊት ብቻ ቀና አሉ። «አብሽሪ ልጄ። ቻዪው ካሉሽ አንዷ እኔ ነኝ፤ አውፍ በይኝ» አሉኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከመዝገቤ 14ቱ ተራ ቁጥሮች አንዱም እንደዚያ አላቀለለኝም።

ጸጥታው ግን የወሎ ቡና ላይ ብዙ አይቆይም። በረካ ሲቀዳ እጣኑ ተጨመረ፣ ወሬውም ዞረ።

«ኮምቦልቻ አንድ ልጅ አለ፤ ዝምተኛ ነው፣ ቅናት የሚባል አያውቅም።»

«ስኒ አያያዙስ?» አልኩ።

ሳቁ ሳያባራ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ መልእክት ነው፦ «የት ነሽ?» እጄ እኔን ሳያማክር የጎረቤትን ጀበና አነሳና ላከላት። ወዲያው ደወለች።

«የሰው ጀበና ምን አድርጊው ብለሽ ነው የላክሽልኝ? ይልቅ ስትመጪ ስኳር ይዘሽ ነይ።»