ፈርምዌር ለማደስ ዊንዶውስ ጫን?

ሊኑክስ የምጠቀምበት ላፕቶፕ አምራች የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ፈርምዌር፣ ማለትም በሃርድዌሩ ውስጥ የተቀመጠ ሶፍትዌር) ማሻሻያውን ዛሬም በዊንዶውስ ላይ ብቻ በሚሠራ የኢኤክስኢ ፋይል ጠቅልሎ ያቀርባል። የደንበኞች ድጋፍ ክፍሉን ብጠይቅ የተሰጠኝ ምላሽ «ዊንዶውስ ጭነው ያሻሽሉ» የሚል ነበር፤ አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ሌላ ሥርዓተ ክወና ካልጫንክ መባል መፍትሔ ሳይሆን ንቀት ነው።

ይበልጥ የሚያበሳጨው፣ መንገዱ ከተጠረገ ዓመታት ማለፋቸው ነው። የሶፍትዌር ገንቢው ሪቻርድ ሂዩዝ የጀመረው፣ በሊኑክስ ላይ ፈርምዌር የሚያድሰው ኤፍደብሊውዩፒዲ (fwupd) የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አለ። አምራቹ ፋይሉን ኤልቪኤፍኤስ (LVFS) ወደተባለው የፈርምዌር ማከማቻ ይልካል፣ ለዚህም ለዓመታት አንዳች ክፍያ ሳይጠየቅ ቆይቷል፤ ተጠቃሚው በአንድ ትእዛዝ ያወርደዋል፣ ዲጂታል ፊርማው ይረጋገጣል፣ ብዙውን ጊዜም ፋይሉ ለማስነሻ በተለየው የዲስክ ክፍል (በኢኤፍአይ ክፍልፋይ) ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ በዩኢኤፍአይ (በባዮስ ዘመናዊ ተተኪ) በኩል ይጫናል። ዴልና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ስለዚህ «የሊኑክስ ገበያ ትንሽ ነው» የሚለው የአምራቾች ሰበብ አያሳምነኝም።

«ሊኑክስን ይደግፋል» የሚለው ማስታወቂያም አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩና ድምፁ ይሠራሉ ከማለት አያልፍም፤ የኤስኤስዲው (የማከማቻ ዲስኩ)፣ የዶኩ (የውጭ ማገናኛ ጣቢያው) እና የተንደርቦልት (የፈጣን ማገናኛ ወደቡ) መቆጣጠሪያ ፈርምዌር ከየት እንደሚመጣ የሚናገር የለም። ከእንግዲህ ላፕቶፕ ስመርጥ ከፕሮሰሰሩም ከስክሪኑም አስቀድሜ የማየው የሞዴሉ ስም በኤልቪኤፍኤስ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን፣ የመጨረሻው ማሻሻያም መቼ እንደተላከ ነው፤ ከሌለ አልገዛም።