ከጎኔ ላለው ባዶ ወንበር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር ባዶ ወንበር
ቶኪዮ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከካትሱሺካ ወረዳ ተነስቼ ወደ ሥራ በምሄድበት የጠዋት ባቡር፣ ለሰባት ሰው በተሠራው ረጅም መቀመጫ ላይ ስድስት ሆነን ስንቀመጥና የቀረው ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሲቆም፣ እርስዎ ብቻ ከእኔ ከውጭ ዜጋው ጎን ሳይደፈሩ ስለሚጓዙ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንዲህ ያለ ስፋት በዚህ ከተማ በገንዘብም አይገኝም።

በቅርቡ አንዲት እመቤት በአንድ እጃቸው ማንጠልጠያውን፣ በሌላው ከባድ የገበያ ከረጢት ይዘው ፊት ለፊታችን ቆመው ነበር። ዓይናቸው እርስዎ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ እኔ ላይ፤ ከዚያም የሚቀጥለው ጣቢያ ስም ዕድሜ ልካቸውን ሲፈልጉት የኖሩት ምሥጢር ይመስል ከበሩ በላይ ባለው ስክሪን ላይ ተተከለ። እኔም ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ክርኔን ከጎድኔ አጣብቄ፣ የጨዋነት ፈተና ላይ እንደቀረበ ሰው ትንፋሼን ቀነስኩ። እመቤቲቱ ግን እንደቆሙ ወረዱ። በእርግጥ ማንም ሰው ያለፈቃዱ ተቀመጥ አይባልም፤ አንዳንዱም በእንግሊዝኛ እንዳላናግረው ሰግቶ ይሆናል፤ የእኔን እንግሊዝኛ ቢሰማ ኖሮ ስጋቱ በለቀቀው ነበር።

ዘመዶችዎንም አውቃቸዋለሁ። የቤት ደላላው እኔው ፊት ለአከራዩ ደውሎ «የውጭ ዜጋ ናቸው፤ ነገር ግን ጃፓንኛ ይናገራሉ» እያለ ይማልድልኛል፤ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ከወገቡ እጥፍ ብሎ ይቅርታ ስለሚጠይቀኝ፣ ቤት የተከለከልኩት እኔ ሆኜ ሳለ አጽናኙም እኔው እሆናለሁ። የሀገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. ባስጠናው ጥናት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ቤት ከፈለጉ መላሾች 39.3 በመቶው የውጭ ዜጋ በመሆናቸው ተከልክለው እንደሚያውቁ ስለተናገሩ፣ በዚህ በኩል እንኳ ብቸኝነት አይሰማኝም።

በእርስዎ ብልሃት ግን የሚደርስ የለም። በሆካይዶ፣ በኦታሩ ከተማ፣ አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት «ጃፓናውያን ብቻ» ብሎ በመለጠፉና የጃፓን ዜግነት የወሰደ ሰው ሳይቀር ከበር በመመለሱ፣ የሳፖሮ ፍርድ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ለሦስቱ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የን እንዲከፍል ፈረደበት። የዋህ ነበር፤ በጽሑፍ አስቀመጠው። እርስዎ ጽሑፍም፣ ቃልም፣ ፊርማም የለዎትም። ጃፓን የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 እ.ኤ.አ. ብትቀበልም፣ ሰው በሰው ላይ የሚፈጽመውን መድልዎ በጠቅላላው የሚከለክል ሕግ አላወጣችም፤ ብታወጣስ ባዶ ወንበር በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል?

አንድ ጊዜ ብቻ አንድ አዛውንት ደፍረው ተቀመጡብዎ። አገሬን ጠይቀው «ኢትዮጵያ» ስላቸው ፊታቸው በርቶ «አበበ!» አሉና፣ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ በልጅነታቸው እንዳዩት አጫወቱኝ። በአበበ ቢቂላ ውለታ ስከበር ይህ የመጀመሪያዬ አይደለምና እኔም ኮራሁ። ሊወርዱ ሲሉ ጃፓንኛዬን አደነቁና፣ በፍጹም ቅንነት፣ ወደ ሀገሬ የምመለሰው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በመጨረሻም፣ ሌላ ፈላጊ ስለሌለዎት ቦርሳዬን በእርስዎ ላይ ለማሳረፍ ፈቃድዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን ባደርግ ግን «የውጭ ዜጎች ሥርዓት አያውቁም፤ ሰው ቆሞ ወንበር ይይዛሉ» መባሉ ስለማይቀር፣ ምላሽዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ቦርሳው ጭኔ ላይ ይቆያል።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ፖሊስ ባስቆመኝ ቁጥር እንዳሳየው ሁልጊዜ ይዤው እንድንቀሳቀስ ሕግ ለሚያስገድደኝ የነዋሪነት ካርዴ