ለክቡር የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የበረራ ርቀትና ሰዓት ማስያ
ባሉበት ድረ ገጽ

ጉዳዩ፦ ከባሕር ዳር ዋሽንግተን በ14 ሰዓት ተኩል ስላደረሱኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣ የሁለት ከተሞችን ስም ብቻ ተቀብለው፣ ቲኬት ሳይጠይቁና ሻንጣ ሳይመዝኑ፣ መንገደኛን ከ11,200 ኪሎ ሜትር በላይ ያሻግራሉ። አሠራርዎንም መርምሬ ተረድቻለሁ፤ ምድርን ድቡልቡል ኳስ አድርገው በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል አጭሩን ቅስት ይስላሉ፣ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሣትና ለማረፍም ከቸርነትዎ ግማሽ ሰዓት ይጨምራሉ። በሒሳቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በዚያ ቅስት ላይ የሚበር አውሮፕላን አለመኖሩ ነው።

ቅስትዎ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይገሰግሳል። እኔ ግን በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ከሚጠራው ማረፊያችን ማለዳ ተነሥቼ መጀመሪያ የበረርሁት ወደ ደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ማለትም ለዋሽንግተን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ያ የአንድ ሰዓት ያህል በረራ፣ ቀጥሎም ማታ የሚነሣውን አውሮፕላን ስጠብቅ የዋልሁት ውሎ፣ በእርስዎ መዝገብ አልሰፈረም። ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የሚሳፈረው ወገኔማ፣ ደጀን ላይ ደርሶ የዓባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ፣ በእርስዎ ስሌት የሰሐራን በረሃ አጋምሷል።

አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ የተሸከመ አውሮፕላን በዚያ አየር መነሣት ስለሚከብደው፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና እንደ ወቅቱ ደብሊን ወይም ሎሜ አርፎ ሲቀዳ ኖሯል። በመልሱ ጉዞ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ እየገፋው፣ ሳያርፍ በ13 ሰዓት አካባቢ ይገባል። እርስዎ ለመሄጃውም ለመመለሻውም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። አድልዎ አያውቁም።

ነገሩ በእኔ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር። ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ቁጥርዎን አንብቦ ባሕር ዳር ላሉት ዘመዶቻችን ሁሉ አዳረሰው። 14 ሰዓት ተኩሉ ሲሞላ እናቴ «ልጄን ምን አገኘው?» ብላ ተነሣች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ስልኬም ተዘግቷልና በደህና እንድገባ ለባሕር ዳር ጊዮርጊስ ጥላ ተሳለች። እኔ በዚያች ሰዓት ቦሌ ላይ ገና ቀበቶ እያሰርሁ ነበር።

ስለት ደግሞ አይቀርም። ስለዚህ፣ ለወደፊቱ ከቁጥርዎ ሥር «ይህ ሰዓት ለወፍ ብቻ ያገለግላል» የሚል ማሳሰቢያ እንዲጽፉ እየጠየቅሁ፣ የጥላውን ዋጋ እስከነዘርፉ በአስቸኳይ እንዲልኩልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአጎቴ ልጅ፣ ዋሽንግተን
ለጥላ ሻጩ፣ ባሕር ዳር