አበጋር ባስታረቀው ደም ፍርድ ቤት ምን ይሠራል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለ ወንጀል ምንም አይልም። በወሎ ግን የሰው ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ብዙ ጊዜ አበጋር ፊት፣ ማለትም ደም በሚያስታርቀው የአገር ሽማግሌ ፊት፣ ይቀርባል። የአማራ ክልል ምክር ቤት ለዚህ ዕርቅ በሕግ ዕውቅና ይስጥ ወይስ አይስጥ? ሁለት አምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ተሟግተዋል። አንዱ የባቲ ልጅ ነው፤ አንዷ የደሴ።

የባቲው፦ ይስጥ። የወንጀል ሕጋችን ገና በአንቀጽ 1 ቅጣት ወንጀልን ለመከላከልና አጥፊውን ለማረም ነው ይላል። የመውጫ ፈተና ላይ ይህን ጽፈን ነጥብ እናገኛለን። ባቲ ገበያ ላይ ግን ሌላ ነው። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ እንበል። ለመንግሥት ከፍሏል። ለሟች ወንድምና ለአጎቱ ልጅ ግን ምን ከፈለ? ለእነሱ እሱ ዛሬም ደመኛ ነው። ሲፈታ ጠብቀው ይገድሉታል፤ ከዚያ ደግሞ የእሱ ወገን በተራው ይነሳል።

አበጋር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ወገን ያስቀምጣል፣ የደም ካሣ ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ደም ልመልስ የሚል ሰው ቢነሳ የገዛ ዘመዱ አይከተለውም። ወላሂ፣ የአበጋር እርግማን ከማረሚያ ቤት በላይ ይፈራል።

ዕርቁ ካለቀ በኋላ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ምስክር ሲጠራ መልሱ አንድ ነው፦ «እኔ አላየሁም።» ክሱ ይወድቃል። በተግባር ፍርድ ቤቱ ለአበጋሩ ተገዥ ሆኗል ማለት ነው። ታዲያ በድብቅ ከሚሆን በሕግ ይሁን። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል፤ ሰማይ አልተደፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78(5)ም ለክልል ምክር ቤቶች ሥልጣኑን ሰጥቷል።

የደሴዋ፦ ወንድሜ፣ 78(5)ን ከመካከል ቆርጠህ አነበብክልን። አጀማመሩ «በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት» ነው። ማለትም የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ። የወንጀል ሕግ ማውጣት ደግሞ በአንቀጽ 55(5) የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ክልል የሚገባበት ፌዴራሉ ያልሸፈነው ነገር ላይ ነው፤ ግድያ ደግሞ ተሸፍኗል። ይህ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው፣ አትቀየመኝ።

የምስክሩ ነገርማ ይገርማል። በሐሰት መመስከር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 ወንጀል ነው። ወንጀሉ ስለበዛ ሕጋዊ እናድርገው ብለህ ምስለ ችሎት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) ላይ ቆመህ ብትከራከር ዳኞቹ ሳቃቸውን የሚይዙ ይመስልሃል?

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። የዕርቁ ምንጣፍ ላይ ማን ተቀምጧል? የሟች ወንድሞች፣ የገዳይ አጎቶች፣ አበጋሩ። የሟች ሚስት የት ናት? ካሣው በማን እጅ ገባ? ነፃ የሕግ ድጋፍ የምንሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ። ዕርቁ ካለቀ በኋላ የምትመጣው እሷ ናት፤ ልጆቿን ይዛ።

ጠለፋን አስታውስ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። የ1996ቱ ሕግ በአንቀጽ 587 ጋብቻው ተጠያቂነቱን አያስቀርም አለ። ያንን የቀየረው ሽምግልና አይደለም። ሽምግልናማ «አግባት፣ ለአባቷም ካሣ ስጥ» እያለ ነበር የሚጨርሰው።

የባቲው፦ አብሽሪ፣ ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ከአዋጁ ይውጡ። ፊርማዬን አኖራለሁ። ስለ ደም ግን አልለቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በአንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈነውን ልማድ ሁሉ ሽሬዋለሁ ብሎ ነበር። አበጋሩ ግን ይኸው አለ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ራሱ በአንቀጽ 223 የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ ቀላል ድብደባን፣ እስከ 5 ብር የሚደርስ ስርቆትን እንዲያስታርቅ ፈቅዷል። አምስት ብር! ዛሬ ሻይ አይገዛም። መንግሥት በዕርቅ ያምን ነበር፤ የፈራው መጠኑን ነው።

ደግሞ ፍርድ ቤቱ ይዘጋ አላልኩም። ክሱ ይቀጥል፣ ዳኛው ግን ዕርቁን ይቀበል፣ ቅጣቱም ይቅለል።

የደሴዋ፦ ቅጣት ለማቅለል ከሆነ አዲስ አዋጅ ምን ያደርግልሃል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 አለልህ። መጸጸትንና መካስን ዛሬም ዳኛው ያይልሃል። ስትጀምር ዕውቅና ብለህ ነበር፤ አሁን ወደ ማቅለያ ወረድክ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ካሣ የሚከፍለው ዘመድ ያለው ነው። በሬም ገንዘብም የሚያዋጣለት የሌለው ደሃ ተመሳሳይ ወንጀል ሠርቶ ሙሉውን ይታሰራል።

እሺ፣ አዋጁ ይውጣ እንበል። እኔ የማረቅቀው አንቀጽ ይህ ነው፦ የሟች ሚስት ራሷ ትቀመጣለች፤ የካሣው መጠንና ተቀባዩ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ቃለ ጉባኤው ፍርድ ቤት ይገባል።

የባቲው፦ ሚስቲቱ ትቀመጥ፣ ልክ ነሽ። ጽሑፉን ግን ተዪው። አበጋር ፊት ብዕር የያዘ ሰው ከገባ ማንም አፉን አይከፍትም። ገዳዩ እዚያ እውነቱን የሚናገረው ቃሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንደማይደርስ ስለሚያውቅ ነው።

የደሴዋ፦ ገዳዩ የተናገረው አይጻፍ፤ ካሣው ይጻፍ። አለበለዚያ ያቺ ሴት «ካሣው አልደረሰኝም» ብላ ወረዳ ፍርድ ቤት ስትመጣ ዳኛው ምን ያንብብ?