የእሑድ ተጓዦች ዶማ ያንሡ

በጥቅምት መጀመሪያ በአንዱ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ሄጄ ነበር። አፄ ዘርአ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን ነው። ወደ ወጨጫ ተራራ በሚያወጣው አንድ አቀበት ላይ ክረምቱ የእግር መንገዱን ሸርሽሮ ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር አድርጎታል። ግራውን ሣር ረግጠን አለፍን፤ ከኋላችን የመጡት ደግሞ ከእኛም ግራ። እንጨት ጭነው የሚወርዱ አንድ አዛውንት ቆመው አዩንና «ልጆቼ፣ ከብት እንኳ በአንድ ፈለግ ነው የሚሄደው» አሉን። ሳቅን። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቀኝም። ያ የረገጥነው ሣር የሚቀጥለው ክረምት ሁለተኛ ቦረቦር ነዋ!

የእግር መንገድን የሚገድለው ከእግር ይልቅ ውኃ ነው። ዳገቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ ለጎርፍ የተቆፈረ ቦይ ማለት ነው። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ መንገዱን በተራራው ወገብ እያጠማዘዙ ማውጣት፣ ውኃ እንዳያቁር ወደ ቁልቁለቱ በኩል ጥቂት ማዝመም፣ አልፎ አልፎ ድንጋይ በአግድም ቀብሮ ጎርፉን ወደ ጎን መቀልበስ። ይህን ለወሎ ገበሬ ብነግረው እርከንና ክትር ልታስተምረኝ ነው ወይ ብሎ ይታዘበኛል። እርሱ በየበጋው ያለ ክፍያ ድንጋይ ሲሸከም፣ እኛ ለአውቶቡስና ለምሳ ከፍለን የእርሱን መንገድ ረግጠንና ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን በመኪና ሄደው የሚዝናኑበትን የሸናንዶዋ ፓርክ ብዙዎቻችን በፎቶ እናውቀዋለን። በዚያ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው የአፓላቺያን የእግር መንገድ 14 ግዛቶችን አቋርጦ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ሐሳቡ በ1921 እ.ኤ.አ. ቀረበ፤ መንገዱ በ1937 ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። እስከ ዛሬም በአብዛኛው የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሸናንዶዋ በኩል ያለውን የሚጠብቀው የተጓዦች ማኅበር በ1927 የተመሠረተ ነው። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው፤ አንድ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይረከባል፣ የወደቀውን ዛፍ ያነሣል፣ የተደፈነውን መቀልበሻ ይጠርጋል፣ በየዓመቱም እዚያው ቦታ ይመለሳል። እኛ አገር በአንድ ቀን ችግኝ ተክሎ መሄድ ለምደናል። መንገድ ግን ተመላልሶ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

እኛ ተጓዦችም የምንረግጠውን መንገድ እንጠግን ስል «ሥራ ያጣ ወጣት ሞልቶ ሳለ በነፃ መሥራት እንጀራ መቀማት ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ልክም ነው። ስለዚህ ድንጋይ ማንጠፍ የሚያውቀውን የአካባቢውን ሰው ከጉዞው ክፍያ ላይ ቀንሰን መሪ አድርገን እንቅጠረው፤ እኛ ተሸካሚ እንሁን። ሌላው ፍራቻ ነገሩ ዘመቻ ሆኖ በስም ዝርዝርና በባነር እንዳያልቅ ነው። እኔም እፈራዋለሁ። ባነር ያለበት ቦታ ዶማ አይበረክትም።

የደኑን አስተዳዳሪዎች ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በመንገዱ የሚመላለሱትን ሰዎች መጠየቅ ይሻላል። እንጨት የጫነ ሰው የሚፈልገው ጠመዝማዛ እኛ ለእይታ ከምንመርጠው ሊለይ ይችላል። የመንገዱ ባለቤት ደግሞ እርሱ ነው።

ለጉዞ ቡድናችን አምስት ዶማ፣ ሁለት አካፋና አንድ ዲጅኖ እንግዛ ብያለሁ። ግማሹ ተስማምቷል፤ ግማሹ ለኅዳር ይደር ይላል። በኅዳር መሬቱ ይደርቃል። አሁን ገና እርጥብ ነው፤ ዶማ ይቀበላል።